በሞራ የታፈነች መኪና

የታሰርኩት በቀልድ ነው። በዋዛ ማለቴ አይደለም፤ ከአፌ የወጣ አንድ ቀልድ ነው ያሳሰረኝ።

የስልሳ አምስቱ ረሃብ የራያን ቆላ በጠረገበት ወራት ነው። ያኔ ቆቦ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለች አንዲት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ሻይ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ የሚል ወሬ ገባ። ዝናቡ ደህና ነው፣ አዝመራውም ደህና ነው፣ ከብት አልሞተም፣ ረሃብ አለ የሚሉት ወሬ አጋናኞች ናቸው ይላል አሉ። በበሩ ወደ ውጭ ብናይ፣ ከመንገዱ ማዶ ከነቤተሰቡ የመጣ ገበሬ ግድግዳ ተደግፎ ተደርድሯል። አንዳንዱ ተቀምጧል፣ አንዳንዱ ተኝቷል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይተኛ ይሙት አይለይም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ካልሆነላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ።

«ዝናቡማ ዘንቧል» አልኩ። «የዘነበው ደብዳቤው ላይ ነው እንጂ። እስቲ ጭመቁት፣ ውሃ ይወጣዋል።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። ከሳቁት አንዱ ነው ሄዶ የነገረብኝ፤ አብልጦ የሳቀው ይመስለኛል። ሻዬን ሳልጨርስ ሁለት ፖሊሶች ከበላዬ ቆሙ።

«መካኒክ፣ ተነስ።»

«መኪና ተበላሽቶ ነው?»

«የለም፤ አፍህ ነው የተበላሸው» አለኝ አንደኛው። ቀልድ የሚያውቅ ፖሊስ ሲያስርህ ነገሩ ትንሽ ይቀልልሃል።

ክፍሏ ከጣቢያው ጀርባ ነበረች፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። እዚያ ቆርቆሮ ሥር እንቁላል ብታስቀምጥ፣ ጫጩቱ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ በማግስቱ ራሱ ተጠብሶ ታገኘው ነበር። ቁንጫው ፍየል ያህላል እያልኩ ሳወራ ኖሬአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር የግልገል ያህል ነበር። መስኮት የተባለችው መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ናት። በእሷ በኩል የጣቢያው ግቢ ይታያል፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ የጣቢያው አዛዥ የመቶ አለቃው መኪና፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ከእኔ ዕድሜ ብዙ የማታንስ ጥቁር አውቶሞቢል ቆማለች።

ጥግ ላይ ሽርጥ ያሸረጡ፣ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ቅልጥማቸው እንደ በትር ቀጥኗል።

«ግባ ልጄ፣ ቤቱ ሰፊ ነው» አሉኝ። ሦስት እርምጃ አይሞላም። «አንተን ደግሞ በምን አመጡህ?»

«ምላሴን ማቆም አቅቶኝ ነው፣ አባባ። እርስዎስ?»

«መኪና አቆምክ ብለው።»

«የማንን መኪና?»

በአገጫቸው ወደ ቀዳዳዋ አመለከቱኝ። «ያቺን።»

ሳቅሁ። ኋላ ግን ክንዳቸውን አየሁና ሳቄን ዋጥኩት። ዝንብ የሚያቆም ክንድ አልነበረም።

ነገሩን ቀስ እያሉ ነገሩኝ። እርሻቸው ከሮቢት አልፎ ወደ ጎብዬ ሲኬድ፣ ከመንገዱ ዳር ነው። ማሽላው ሳያሸት ደረቀ፤ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ሳምንት ወደቁ። ከዚያ ወዲያ ከሚስታቸውና ከጎረቤት ጋር መንገድ ዳር መቀመጥ ሆነ ሥራቸው፤ ከሚያልፈው ሰው እጅ እህል ይገኝ እንደሆነ። አንድ ቀን የመቶ አለቃው መኪና እየሳለች መጣችና ፊታቸው ቀጥ አለች። እነሱም ተነስተው ሄዱ።

«ለምን ሄዳችሁ?» አልኳቸው።

«ሸተተን።»

«ምን ሸተታችሁ?»

«ጥብስ። ወላሂ ጥብስ ነው የሸተተን። ሥጋ የጫነች መሰለን።»

መቶ አለቃው ከወንበሩ ቀና ሲል መኪናዋ በሰው ተከባለች። ወደ ሰማይ ተኮሰ። መሮጥ የቻለ ሮጠ። ከዚያ «የመንግሥት መኪና በአውራ ጎዳና ላይ በሽፍታ ተይዞ ቆመ» ብሎ ጻፈ።

«እኔ መሮጥ ስላልቻልኩ የሽፍታ አለቃ አደረጉኝ» አሉ። «ደሴ ነው አሉ የምሄድ።»

ያን ጊዜ በሽፍትነት ደሴ የወረደ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። ገመድ የሚለውን ቃል ሁለታችንም አላነሳነውም።

«ሚስቴ እዚያው መንገድ ዳር ናት» አሉ። «ከዚህ አልነሳም፣ በዚህ ነው የወሰዱት፣ በዚህ ነው የሚመልሱት ብላለች አሉ።» ከዚያ እኔን ሊያጽናኑኝ ፈለጉ መሰለኝ፣ «አብሽር» አሉኝ።

እህቴ ያመጣችልኝን ቂጣ ተካፈልን። እኔ ግን ጥብሱ ነው የከነከነኝ። መኪና ጎማ ሊሸት ይችላል፤ ዘይት፣ ቤንዚን፣ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይሸታል። ጥብስ የሚሸት መኪና አልገጠመኝም።

በማግስቱ ጠዋት የመቶ አለቃው ሾፌር መኪናዋን ሊያስነሳ ወጣ። የሮቢት ሰው የሆነ፣ ረዥም፣ ጨርቅ ከትከሻው የማይለይ አሥር አለቃ ነው። መኪናዋ እኛ ጋራዥ ገብታ አታውቅም፤ ሾፌሯም ሐኪሟም እሱ ነበር። ጆሮዬን ቀዳዳዋ ላይ ለጠፍኩ።

በአንዴ ተነሳች። ድምጿ የተስተካከለ፣ ልጃገረድ የሚያስንቅ። አንድ ሲጋራ አጭሶ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ሠርታ ማነቅ ጀመረች፤ ሳለች፣ ተንገፈገፈች፣ ጠፋች። አሥር አለቃው ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላዎቹን ፈታና ጠረገ። ተነሳች። «አገኘሁሽ!» አላት። ጠፋች። የቤንዚን ፓምፑን ፈትቶ ነፋ፤ ተነሳች፣ ጠፋች። ፊልትሮውን አጠበ፤ ተነሳች፣ ጠፋች። የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ ትቶ ሞከረ፤ ያው ናት። እስከ ቀትር ድረስ እናቷንም አባቷንም ሰድቦ ጨረሰ።

እኔ ከውስጥ እከታተለው ነበር። የነካው ነገር ሁሉ ይሠራለታል፤ ምክንያቱም እሱ ሲነካካ እሷ ታርፋለች። የምትነሳው ስላረፈች እንጂ ስለተነካች አይደለም። ብዙ መካኒክ፣ ብዙ ሐኪም፣ ብዙ ጠንቋይም በዚሁ መንገድ ነው የሚከበረው።

«አባባ» አልኩ፣ «ሙሉ የዘይት ቆርቆሮ አንድ ቦታ ብቻ ቢበሱት ይፈሳል?»

«አይፈስም። ከወዲያ ጫፉ ሌላ ቀዳዳ ይሻል። ትንፋሽ ካላገኘ በጄ አይልም።»

«የመኪናዋም ነገር ይኸው ነው። ካርቡራተር የሚባል ዕቃ አላት፤ ውስጡ ቤንዚን የምታጠራቅም ትንሽ ጎድጓዳ አለች። ያቺ ጎድጓዳ አየር የምትስብባት ቀዳዳ አላት፤ መተንፈሻ እንላታለን። መተንፈሻዋ ከተዘጋ ቤንዚኑ ሞልቶ እያለ ወደ ሞተሩ አይወርድም። ሲያሳርፏት አየሩ በየስንጥቁ ቀስ ብሎ ይገባና ትነሳለች። ተመልሳ ትታፈናለች፣ ትጠፋለች።»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። «እንግዲያ እኔ አይደለሁማ ያቆምኳት» አሉ። ገና አሁን የተነገራቸው ይመስል ነበር። ሰውን በረሃብ ላይ አሥር ቀን አቆምክ፣ አቆምክ ሲሉት፣ ሳላቆማት አልቀረሁም ይላል።

እኔ ያን ጊዜ ቆረጥኩ። ይህቺ መኪና ለምን እንደቆመች በወረቀት ሳይሰፍር ከዚህ ግቢ አልወጣም አልኩ። ለማለት ቀላል ነው፤ በሩ እንደሆነ በውጭ ነው የሚከፈተው።

አፌን ቀዳዳዋ ላይ ገጠምኩ። «አሥር አለቃ!»

«ዝም በል፣ አንተ እስረኛ!»

«መተንፈሻዋን አይተኸዋል?»

«የምኗን?»

«የካርቡራተሯን መተንፈሻ! ካንዴላውን ተወው፣ አንተ ስታሻሸው ከጋብቻ ቀለበት በላይ አብርቷል!»

ዘቡ ሳቀ። በሳቁ መቶ አለቃው ከቢሮው ወጣ። አጠር ያለ፣ ቀበቶው የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ሊመጡ ነው፤ በማግስቱ ቀትር ላይ መንገድ ወጥቶ መቀበል አለበት፤ መኪናዋ ደግሞ ግቢዋን አታልፍም። ይህን ሁሉ ከዘቦቹ ወሬ ሰምቼዋለሁ።

«ትችላለህ?» አለኝ።

«በግማሽ ቀን፣ ጌታዬ።» የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበረች። እኔ ካላጋነንኩ ማን ያጋንን?

አወጡኝ። ፀሐዩ ዓይኔን መታኝ። መጀመሪያ «አስነሳትና እስክትጠፋ ጠብቅ» አልኩት አሥር አለቃውን። ተነሳች፣ ሠራች፣ ጠፋች። ሳላሳርፋት የጎድጓዳዋን ክዳን ከያዙት አራት ብሎኖች አንዷን በካቻቪቴ ግማሽ ዙር አላላኋት።

ስስስስ አለች። አየር እየሳበች ነው፤ ከውሃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ።

«አሁን አስነሳ።»

ጊዜ ሳትወስድ ተነሳች። አሥር አለቃው ከመሪው ጀርባ አፉን ከፍቶ አየኝ።

«ተሠራች?» አለ መቶ አለቃው።

«ታወቀች እንጂ አልተሠራችም፣ ጌታዬ።»

ካርቡራተሩን ፈትቼ ጆንያ ላይ ዘረጋሁት። የዚያች መኪና መተንፈሻ የቤንዚን መርገጫው በተነካ ቁጥር በቀጭን ዘንግ የምትከፈትና የምትዘጋ፣ የአተር ፍሬ የምታህል የነሐስ ክዳን አላት። ክዳኗ ተጣብቃለች። ጥቁር፣ ወፍራም ነገር ይዟታል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ቂጣ ተካፍሎ ያደረ ሰው አፍንጫ አይሳሳትም።

«ይሄ ሞራ ነው» አልኩ።

አሥር አለቃው አንገቱን ደፋ። «ቅባት ከየት ላምጣ?» አለ። «የሚንቀሳቀስ ብረት ቅባት ይወዳል። ዘንጉ ሲጮህብኝ ቀባሁት። ጠመንጃዬንም ጫማዬንም የምቀባው በዚሁ ነው። ዘይት የለ፣ ግሪስ የለ። ከብቱ በየሜዳው ሲወድቅ የተረፈ ነገር ቢኖር ሞራው ብቻ…»

«የምን የወደቀ ከብት?» ብሎ ጮኸበት መቶ አለቃው።

አሥር አለቃው አፉን ዘጋ።

ነገሩ ሁሉ ከፊቴ ተዘረጋ። ሞራው በሞተሩ ግለት ይቀልጣል። ግማሹ ከሥር ባለው የጋለ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጥብሱ እሱ ነው። ግማሹ አቧራ ለውሶ ወደ መተንፈሻዋ ይወርዳል። ቤንዚን ሲተን ያቀዘቅዛልና እዚያ ሲደርስ ይረጋል፤ ክዳኗን እንደ ሙጫ ይይዛታል። መኪናዋ በሮቢትና በጎብዬ መካከል የሞቱ በሬዎች ሞራ አፍኗት ቆመች፤ በሬዎቻቸው የሞቱባቸው ሰዎች ደግሞ በጥብሱ ሽታ ተጠርተው መጡ። ሽፍታ የተባለው ይህ ነው።

በቤንዚን አጠብኩት። ቀዳዳዋን በግራር እሾህ ጠረግሁ። ክዳኗን በጣቴ ገፋ ሳደርጋት ከፍ ዝቅ አለች፤ ቀለል ብላ፣ እንደ ሕፃን ቅንድብ።

«በል ቶሎ ግጠማት» አለ መቶ አለቃው። «ማታ ቤትህ ትገባለህ። የምን ሞራ እንደሆነ ግን ከአፍህ እንዳይወጣ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሙያውን ያስተማረኝ ጌታዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ሕግ ነበረው፤ የነካኸውን ጻፍ። ምን እንደነበረባት፣ ምን እንዳደረግህላት በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ መኪናዋ ውስጥ ታስቀምጣለህ። ቀጥሎ የሚከፍታት ሰው ከአንድ እንዳይጀምር ነው። ሳይጽፍ የገጠመ ልጅ ምሳ አይበላም ነበር።

«ጌታዬ፣ የፈታሁትን የምገጥመው ከጻፍኩ በኋላ ነው» አልኩ።

መታኝ። አንድ ጊዜ ነው። ሻይ ቤት ሳወራው ሰባት ይሆናል፤ ያኔ ግን አንድ ነበር። ጆሮዬ እየጮኸ አራቱን ብሎኖች ከጆንያው ላይ አፈስኩና አፌ ውስጥ ከተትኳቸው። አፍህ ተበላሸ ብለውኝ አልነበር? ዕቃ ለመያዝ ግን ይሆናል።

«ትፋ!»

«ሁለተኛ ከመቱኝ» አልኩ በብሎኖቹ መካከል፣ «ደንግጬ እውጣቸዋለሁ። ከዚያ እስከ ነገ ጠዋት መጠበቅ ነው፤ እሱም ሆዴ ከፈቀደ። እንግዳው ደግሞ ቀትር ላይ ናቸው።»

አሥር አለቃው ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፤ ብረት ብረት የሚል ምራቄን እየዋጥኩ። መቶ አለቃው ወደ መኪናዋ አየ፣ ሰዓቱን አየ።

«ወረቀት አምጡለት።»

ሁለት ወረቀት ጻፍኩ፤ አንዱ ለመዝገብ፣ አንዱ ለመኪናዋ። በዕድሜዬ ምንም ያላጋነንኩበት ጽሑፍ ይኸው ነው፤

«ይህች መኪና በመንገድ ላይ የቆመችው የካርቡራተሯ መተንፈሻ በሞራና በአቧራ ተጣብቆ ስለተዘጋ ነው። ማንም ሰው አላቆማትም። ሞራው ከሞቱ ከብቶች የተገኘ ነው።»

መቶ አለቃው አነበበ። ሦስተኛዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቱን ጫነ። «ይቺን ሰርዝ። የመኪና ነገር አይደለችም። ይቺን ከሰረዝክ አትማለሁ።»

ወደ ቀዳዳዋ አየሁ። አንድ ዓይን ይታያል፤ የሽማግሌው ናት። ለእሳቸው አንገት የምትበጀው ሁለተኛዋ ናት። ሦስተኛዋ የእኔ እልህ ናት።

ሰረዝኩ። በአንዲት ቀጭን መስመር፣ ከሥሯ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ እንዲነበብ አድርጌ። ሁለቱም ወረቀት ላይ።

ሾፌሩም መፈረም ነበረበት። አሥር አለቃው ብዕሩን ይዞ ቆየ። መተንፈሻዋን ያፈነ እሱ መሆኑን ራሱ ሊመሰክር ነው።

«ፈርም እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» አለው መቶ አለቃው፣ ሰዓቱን እያየ።

«የአገሬ ሰው ናቸው» አለ አሥር አለቃው ወደ ቀዳዳዋ አይቶ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ፈረመ። ማኅተሙ ወረደ። ያን ጊዜ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ ተፋኋቸው።

ክፍሌ ስመለስ ሽማግሌው «የምን ሞራ ነው አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የበሬ።»

«የእኔ ይሆን እንዴ?» አሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ እዚያ ቤት ከገባሁ የመጀመሪያዬ ነው ሲሉ ያየሁት። «ሙቶም ሥራ አልፈታም።»

በማግስቱ መኪናዋ እንግዳውን ልትቀበል ሄደች፤ ይዛ ተመለሰች። የትም አልቆመችም። መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሰው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈችው አሉ። ደህና አድርጌ ነበር የሠራኋት።

ማታ ቤትህ ትገባለህ የተባልኩትን ማንም አላስታወሰም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌውንም እኔንም በዚያችው መኪና ለደሴ ጫኑን፤ እሳቸውን በሽፍትነት፣ እኔን በአፌ። አሥር አለቃው ይነዳል፤ አንድ ዘብ ከጎኑ፤ እኛ ከኋላ፣ እጃችን ታስሮ። ሞተሯ እንደ ሰዓት ትሄዳለች። ሮቢትን አለፍን። ሽማግሌው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ነበር።

«እዚህ ነበር የቆመች» አሉ። ቆይተውም፣ «ዛሬስ ምነው መቆም እምቢ አለች?» አሉ።

ቀልድ አልነበረም። ከፊት፣ ከመንገዱ ዳር፣ ደረቅ ማሽላ የቆመበት እርሻ አጠገብ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። መኪናዋ እየቀረበች ነው፤ አትስል፣ አትንገፈገፍ። በሠራሁት ሥራ ያፈርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሥር አለቃው አንድ ጊዜ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ከዚያ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደች። ሞተሯ ጠፋ፤ በዝምታ ተንሸራትተን፣ ከአሮጊቷ አሥር እርምጃ ሳናልፍ ቆምን።

«መተንፈሻዋ ይሆናል» አለ አሥር አለቃው ወደ ፊት እያየ።

«ተጠግናለች አልተባለም?» አለ ዘቡ።

«የመኪና ነገር አይታመንም» አልኩ እኔ፤ የራሴን ወረቀት ራሴ አስዋሸሁት። «እጄን ፍታልኝ፤ አያለሁ።»

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሯ ጤነኛ ናት። መተንፈሻዋን በጣቴ ነካ ሳደርጋት ከፍ ዝቅ አለች። ካቻቪቴዋን ያዝኩና አራቱን ብሎኖች ፈታሁ፤ መልሼ ገጠምኳቸው። ፈታሁ፣ ገጠምኩ። በኮፈኑ ሥር ባለችው ክፍተት አሮጊቷ ወደ መስኮቱ ሲመጡ ይታየኛል። አላለቀሱም። የባለቤታቸውን ጋቢ አቧራ በእጃቸው ያራግፉ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ የትም የሚሄዱበት ቀጠሮ እንደሌለ ሁሉ። ከመቀነታቸው ፈትተው ሙስበሃቸውን፣ ያን ቀን ሲይዟቸው የወደቀውን መቁጠሪያ፣ በታሰረው እጃቸው ላይ ጠመጠሙላቸው። የሚነጋገሩትን አልሰማሁም፤ ለመስማትም አልሞከርኩም።

«አልጨረስክም?» አለ ዘቡ።

«አንዲት ብሎን ቀረችኝ።»

አንዲቷን ብሎን ስንት ጊዜ ፈትቼ እንደገጠምኩ አላውቅም። ፀሐዩ ጀርባዬን ይጠብሰኛል። ዘቡ ወርዶ ጥላ ፍለጋ ሄደ። አሥር አለቃው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዴም ሳይዞር፣ ቁልቁል ሜዳውን ያያል። በመጨረሻ ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«በቃህ ልጄ። ተሠርታለች።»

ኮፈኑን ዘጋሁ።

ደሴ ላይ የመዝገቡ ወረቀት አልተገኘም፤ እንዴት እንደጠፋ ለማንም አልተነገረም። አሥር አለቃው ግን ከመኪናዋ ኪስ ሁለተኛውን አውጥቶ ለመርማሪው ሰጠ። ሰው ሁልጊዜ የተሰረዘውን ነው አስቀድሞ የሚያነብ። መርማሪው «የምን የሞቱ ከብቶች?» ብሎ ጠየቀው፤ አሥር አለቃውም በዚህ ጊዜ አፉን አልዘጋም። ሽማግሌው ከሳምንታት በኋላ ተለቀው በአውቶብስ ወደ ሰሜን ተጫኑ። እኔ መንግሥት እስኪለወጥ ቆየሁ። ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ እርሻ ጋ ነው። ሁለቱም በእግራቸው ወደ ዘመድ አገር ተሻግረዋል አሉኝ፤ ሁለቱም ማለታቸውን ደግሜ ጠይቄ አረጋገጥኩ።

ዛሬም ቆቦ ላይ ጋራዥ አለኝ። የነካሁትን እጽፋለሁ። የባጃጅ ሾፌሮች «ጋሼ፣ ለባጃጅም ወረቀት?» እያሉ ይስቁብኛል። ይህን ታሪክ ስነግራቸው ጥፊው ሰባት ይሆናል፣ ቁንጫው ፍየል ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም።

በሕይወቴ ረዥሙን ጥገና የሠራሁት ምንም ባልጎደላት መኪና ላይ ነው። የዚያን ቀን ወረቀት ሳልጽፍላት ሄደች፤ ምን ነበረባት ልበል? ይኸው፣ ዛሬ ጻፍኩላት።